ዲኤክሷን ብርድ መታት

ዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥታቸውን ጅማ፣ ጅሬን ኮረብታ ላይ ሲያሠሩ ከተማውን ቁልቁል ማየት ፈልገው ይሆናል። እኔ እዚያው አቀበት ላይ የተከራየሁት ኪራዩ ረከስ ስላለኝ ነው። ቁልቁለት መኪና እንደሚያስነሳ የገባኝ በኋላ ነው።

መኪናዬ የድሮዋ ቶዮታ ዲኤክስ ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ እንደ ወጉ ቢሆን አንቱ ልላት ይገባ ነበር።

ኅዳር ሲገባ አመሏ ተነሳ። ጅማን በዝናቧ ብቻ የሚያውቃት ሰው የኅዳር ጠዋቷን አልቀመሰም። ሰማዩ ጥርት ብሎ ያድራል፣ ብርዱ ግን አጥንት ይገባል። 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቁልፉን ሳዞር “እህህህህህ” ትላለች። ቾኩን እስከ ጥግ እስባለሁ። እህህህህህ። ነዳጅ ደጋግሜ እረግጣለሁ። አሁን ሰፈሩ ሁሉ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። እሷ ግን ወይ ፍንክች!

አንዴ በመከራ ከተነሳች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ፈረስ ናት። ቁልፉን ነካ ሳደርገው ትነሳለች።

በየጠዋቱ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ጎረቤቴ ሀጂ ካፖርታቸውን ደርበው ይወጡና “ባትሪ ነው” ይላሉ። ባትሪ ገዛሁ። እህህታው ፈጠነ እንጂ አልተነሳችም። የባጃጁ ልጅ “ካንዴላ ነው ብሮ” አለ። አራቱንም ቀየርኩ። ቡና የሚያፈሉት እትዬ ብቻ ወጪ አላስወጡኝም። “ብርድ መቷት ነው፤ ፊቷን ወደ ፀሐይ አዙራት” አሉኝ።

ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ አዞርኩት። ሁለተኛ ማርሽ አስገባለሁ፣ ፍሪሲዮን እረግጣለሁ፣ የሰፈሩ ልጆች ይገፋሉ፣ ቀስ ብዬ ስለቀው ትንጫጫና ትነሳለች። ልጆቹ ከትምህርት ቤት በፊት ለስፖርት ይሆናቸዋል።

ጋራዥ ብወስዳት ደግሞ አሳፈረችኝ። ሦስቴ ወሰድኳት፤ ሞቃ ስለምትደርስ ሦስቴም በአንድ ጊዜ ተነሳች። እንግዳ ሲመጣ ጨዋ እንደሚሆን ልጅ! ሜካኒኩ “ወንድሜ፣ ቀዝቅዛ ካላየኋት ምን ልልህ ነው? አሳድራት” አለኝ።

ማታ ከገበያ ስመለስ አስገባኋት። ለዘበኛው “አባባ፣ አደራ፤ ይቺ ልጅ ብርድ አትችልም” ብዬ ሄድኩ። ለጨዋታ ነበር ያልኩት።

ጠዋት ስንደርስ ዲኤክሷ የአባባን ጋቢ ለብሳለች። ኮፈኑ ላይ ጥንቅቅ ተደርጎ ታጥፏል። ከፊት ጎማዋ አጠገብ ከሰል የሞላ ምድጃ ተቀምጧል። አባባ በኩርሲ ላይ ኩርምት ብለው “ሌሊቱን ሙሉ አልበረዳትም ልጄ” አሉኝ።

“አባባ! ቤንዚን ናት እኮ!” ሜካኒኩ ምድጃውን አንስቶ ሮጠ። ቁልፉን አዞርኩት። ወዲያው ተነሳች!

ሌላ ሌሊት አደረች። በዚህኛው ያለ ጋቢ።

በማግስቱ ብርዱ ራሱ ነበር። እህህህህህ። ሜካኒኩ ገና ድምፁን ሲሰማ “ማስነሻ ሞተሪኖው እንዲህ እየሮጠ ባትሪ ቀይር ያለህ ማነው?” አለ። የሀጂን ስም አላነሳሁም። የአየር ማጣሪያውን ክዳን ፈታና ካርቡራተሩ ላይ አቀረቀረ።

“ቾኩን ሳበው።”

“ሳብኩት።”

“ሳበው እኮ ነው የምልህ!”

“ሳብኩት እኮ! እጄ ላይ ሊቀር ነው!”

“ና እየው።” የካርቡራተሩ ጉሮሮ ላይ አንዲት ክብ ክዳን አለች። ቾክ ሲሳብ መዘጋት ያለባት እሷ ናት። ቤንዚን በብርድ እንደልቡ አይተንም፤ ስለዚህ ክዳኗ አየሩን ታንቅና ቤንዚኑ እንዲበዛ ታደርጋለች። የእኔዋ ወለል ብላ ተከፍታለች። ሽቦዋ ከብሎኗ ሾልካ ወጥታለች። እኔ ለሳምንታት ስስብ የኖርኩት ባዶ ሽቦ ነው!

በጣቱ ገፋ አድርጎ ዘጋትና “አስነሳ” አለኝ። ትንሽ አጉረመረመች፣ ተነሳች።

ሽቦዋን መልሶ በካቻቢቴ እያጠበቀ ድንገት ቀና አለ። “ከዚህ በፊት ቤንዚን ትበላ ነበር? ጥቁር ጭስ?”

“ክረምቱን ሙሉ! በኋላ ግን ራሷ ተሻላት።” ደስ ብሎኝ ስለ ነበር ለማንም አልተናገርኩም።

አንገቱን በመስኮቱ አስገባ። የቾኩ እጀታ ላይ ትናንት ወዲያ የገዛሁት 2 ኪሎ ሙዝ በፌስታል ተንጠልጥሏል። ሁልጊዜም የማንጠለጥለው እዚያው ነው፤ ወንበር ላይ ሳስቀምጠው ይንከባለልብኛላ! ለካ ክረምቱን ሙሉ ሙዙ ቾክ እየሳበ ሲያነዳኝ ኖሯል። ቤት ስደርስ ፌስታሉን መንጭቄ ሳነሳ ሳነሳ ሽቦዋን ነቀልኳት። ቤንዚን መብላቷ የቆመውም ያኔ ነው።

“ስንት ነው ሒሳብ?” አልኩት ወደ መሬት እያየሁ።

አልመለሰልኝም። ፌስታሉን ቀስ አድርጎ፣ ሳይመነጭቅ፣ ከእጀታው አወረደና ግማሹን ለአባባ ሰጣቸው።