በበሬሳ ወንዝ ዳር ያመለጠኝ ምስክር

በእኛ በሰሜን ሸዋ ሜዳሊያ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው አርበኛ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገሩን ከያዘ በኋላ እነ ራስ አበበ አረጋይ እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የተጋደሉበት ምድር በመሆኑ፣ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ የደረደረ አያት ፎቶግራፍ በየግድግዳው ተሰቅሎ ይታያል። ጠመንጃ ሳይዝ፣ የሰው ነፍስ ለማትረፍ ብቻ ሞትን የተጋፈጠ ሲቪል ምን ክብር እንደሚገባው ያሰብኩት ግን በደብረ ብርሃን የእድራችን ጸሐፊ ሳለሁ፣ የበሬሳ ወንዝ በሐምሌ ድንገት ሞልቶ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከወሰደ በኋላ ነው።

ልጅቷን ጋሪ ነጂ የሆነ ጎረቤታችን ገብቶ አወጣት። በማግስቱ የእድሩ ዳኛ አስጠርተውኝ «ይህን ሰው እንዲሁ አንለፈው፤ ጉዳዩን አጣርተህ ጽፈህ አቅርብ» አሉኝ። የአንድ ሳምንት ሥራ መስሎኝ ነበር፤ ሰባት ወር ፈጀ።

መነሻ እንዲሆነኝ የሌሎችን አገሮች ልምድ አነበብኩ። በእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ የጆርጅ መስቀልንና የጆርጅ ሜዳሊያን ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1940፣ ለንደን በጀርመን አውሮፕላኖች ስትደበደብ ሲሆን፣ በዋናነት የታሰቡትም ለሲቪሎች ነው። ይበልጥ የጠቀመኝ ግን የአሜሪካው የካርኔጊ የጀግኖች ፈንድ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1904 በፔንሲልቬኒያ ሃርዊክ በተባለው የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ፍንዳታ ደርሶ 179 ሰዎች ሞቱ፤ እነርሱን ለማዳን የገቡት መሐንዲሱ ሴልዊን ቴይለርና የማዕድን ሠራተኛው ዳንኤል ላይልም ሕይወታቸውን አጡ። በዚህ ልቡ የተነካው ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በዚያው ዓመት 5 ሚሊዮን ዶላር መድቦ ፈንዱን አቋቋመ። የፈንዱ ደንብ ጥብቅ ነው፤ ተሸላሚው አደጋውን እያወቀ የገባ መሆን አለበት፤ ማዳን የሥራ ግዴታው የሆነ ሰው በአብዛኛው አይካተትም፤ ድርጊቱም በማስረጃ መረጋገጥ ይኖርበታል። ሙከራው ባይሳካም እንኳ ያስሸልማል። በሜዳሊያው ላይ የተቀረጸው ከዮሐንስ ወንጌል 15፥13 የተወሰደው ቃል፣ ነፍስን ስለ ወዳጆች አሳልፎ ስለ መስጠት የሚናገረው ነው። ይህን ሳነብ ስለ ጋሪ ነጂው ብቻ ነበር የማስበው።

የሠራሁትን ስህተት ሳልሸፍን እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያውን የምስክርነት ቃል የተቀበልኩት በእድሩ ድንኳን ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሰዎችን በአንድ ላይ አስቀምጬ ነው። አንድ ደፋር ተናጋሪ ቀድሞ የጀመረውን ሁሉም «ልክ ነው» እያለ ተከተለው፤ ውኃው እየከበደ፣ ልጅቷ የተወሰደችበት ርቀት እየረዘመ ሄደ። ወረቀቱን ለዳኛው ሳቀርብ በጥሞና አንብበው «ይህ ቀረርቶ ነው እንጂ ምስክርነት አይደለም» ብለው መለሱልኝ። ትክክል ነበሩ፤ ሰውየው በእውነት ያደረገው ከተጋነነው ያነሰ ክብር የለውም፣ ማጋነኑ ግን እውነቱንም ያስጠረጥራል።

ሁለተኛው ዙር ላይ እያንዳንዱን ምስክር በየቤቱ ለብቻው ጠየቅኩ። ቆመው የነበሩበትን ቦታ ወንዙ ዳር ድረስ ወስደው እንዲያሳዩኝ አደረግኩ፤ ከዚያ ቦታ ሊያዩ የማይችሉትን የተናገሩ ሦስት ሰዎች በራሳቸው ፈቃድ ቃላቸውን አረሙ። በድንኳኑ ውስጥ ከኋላ ተቀምጣ አንድም ቃል ያልተናገረች፣ በወንዙ ዳር ልብስ የምታጥብ ሴት ቤት የደረስኩት በመጨረሻ ነው። «ፊት የገባው እኮ ሌላ ልጅ ነው» አለችኝ። «ጃኬቱን አውልቆ ‹ያዢልኝ› ብሎኝ ነው የገባው። ልጅቷን ወደ ዳር ሲገፋት አይቻለሁ፤ እሱን ግን ከዚያ በኋላ አላየሁትም።» ተነሥታ ከሳጥን ውስጥ አንድ አጥባ ያጠፈችውን ጥቁር ጃኬት አወጣችልኝ።

ወጣቱ ከመንዝ መጥቶ በቀን ሥራ የሚተዳደር ነበር። አስከሬኑ ከሦስት ቀን በኋላ ሲገኝ ሊሻገር ሲል ውኃ የወሰደው ተብሎ ተቀበረ፤ እኛም ሁለቱን ነገር ሳናገናኝ አለፍን። ጋሪ ነጂው ዘንድ ተመልሼ ስጠይቅ «ከእኔ በፊት ሰው ነበረ፤ ልጅቷ ወደ እኔ የቀረበችው እሱ ገፍቷት ነው። አንተ የጠየቅኸኝ ስለ ራሴ ብቻ ነው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሰባት ጥያቄ ጽፌ ሳቀርብለት «ሌላ ማን ነበረ?» የሚል አልነበረበትም። ዛሬ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚጀምር ሰው ቢያማክረኝ በመጀመሪያ የማጽፈው ይህንኑ ጥያቄ ነው።

አንዲት የእድራችን አዛውንት ከእናታቸው የወረሷቸውን፣ 1780 የሚል ዓመት ያለባቸውን ሁለት ጠገራ ብሮች ሰጡን። እያንዳንዳቸው 28 ግራም ያህል ይመዝናሉ። አንጥረኛው አቅልጦ ሁለት ክብ ሜዳሊያ አወጣላቸው። «ጀግና» የሚል እንዲጻፍ የጠየቁ ነበሩ፤ እኔ ግን ስማቸው፣ ዕለቱና «ልጅ ለማዳን በሬሳ ገባ» የሚለው ብቻ እንዲቀረጽ ተከራክሬ ተስማማን።

ጋሪ ነጂው የራሱን በእድሩ ስብሰባ ተቀበለ። የወጣቱን ሜዳሊያና ጃኬት እኔና ዳኛው በጣርማበርና በሞላሌ በኩል ወደ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ይዘን ሄድን። እናቱ ባና ደርበው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። ልጃቸው በግድየለሽነት የሞተ መስሏቸው ኖረዋል። የምስክሮቹን ቃል ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው፤ ሜዳሊያውን በመዳፋቸው እንደያዙ ጃኬቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ቆዩና «ልጄ፣ ‹ያዢልኝ› ያለበትን እስቲ ድገምልኝ» አሉኝ። ደገምኩላቸው።