ስታይለሱ ቋሚ ንብረት ነው

መጋቢት ላይ የስኩል ግራንቱ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የድጎማ ብር ገባ። በተማሪ ቁጥር ተባዝቶ የሚመጣ ገንዘብ ስለሆነ እንደኛ ላለ ትንሽ ትምህርት ቤት የሚደርሰው ትንሽ ነው። ቢሆንም ወመህ (የወላጅ መምህር ኅብረቱ) ተሰብስቦ ከዚያው ላይ ለልዩ ፍላጎት ቆረሰልን። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፣ ዕቃው ተገዛ፣ ሞዴል 19፣ የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ተቆረጠለት። አራት ስሌት (በጣት የሚነበበው የብሬል ጽሑፍ መጻፊያ ሰሌዳ) ነጥቡን ከሚወጋው እጀታ ያለው ሹል ብረት፣ ከነስታይለሱ፤ አንድ እሽግ ወፍራም ወረቀት፤ አንድ ዊልቸር። የልዩ ፍላጎት መምህርት ነኝ። ያን ቀን ከደስታ ብዛት ምሳዬን ረስቼው ዋልኩ።

ስሌቱን የምጠብቀው ለአንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ነበር። ዓይነ ስውር ነው። ከተማ ባለ ልዩ ክፍል ሁለት ዓመት ብሬል ተምሯል። ወደ ሰፈሩ ሲመለስ ግን ስሌቱን እዚያው አስረክቦ ነው የመጣው። እኛ ጋ እየሰማ በቃሉ ይይዛል። ፈተናውን አነብለታለሁ፣ መልሱን እጽፍለታለሁ። ዊልቸሩ ደግሞ ወንድሟ አዝሏት ለምትመጣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበር።

በማግስቱ ግምጃ ቤት፣ ንብረት ጠባቂው ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ሁለት ስሌት ያውጡልኝ።»

«ሞዴል 22፣ የንብረት ወጪው ቅጽ ላይ ማን ይፈርማል?»

«የሚጠቀምበት ልጁ ነው።»

«ልጁ አካለ መጠን አልደረሰም። ቢደርስም የዓይነ ስውር ፊርማ ዳኛ ካላረጋገጠው አይጸናም። ሕግ ነው መምህርት።»

«ጋሼ፣ መጻፊያ እኮ ነው። እርሳስ በሉት።»

«እርሳስ አላቂ ነው። ይሄ ቋሚ ንብረት ነው። ይኸው፣ ቁጥር ተጽፎበታል።»

አሳዩኝ። ከአውራ ጣቴ በማይረዝም እጀታ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጽፏል። ከጠረጴዛውና ከመደርደሪያው ጋር አንድ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የምመልሰው ጠፋኝ። ዝም ብዬ ወጣሁ። ዝም ማለቴ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ቤት ገብቼ ሕጉን ፈለግኩ። እውነትም አለ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728፣ የዓይነ ስውርና ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ውል አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ ካላረጋገጠው አያስገድደውም ይላል። እኔ የሚገባኝ፣ ሰውየው ሳያየው በፈረመው ነገር እንዳይታለል ነው። ልጅ መጻፊያ እንዳያገኝ አይደለም።

በራሴ ስም ፈርሜ አወጣሁ።

ልጁ ስሌቱን ሲይዝ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከቀኝ ወደ ግራ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ እያደረገ ይወጋል። ከዚያ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። መጀመሪያ የጻፈው የክፍለ ጊዜ ፕሮግራሙን ነው። ሰኞ ምን፣ ማክሰኞ ምን። «ካሁን በኋላ ሰው አልጠይቅም ቲቸር» አለኝ። ስንት ጊዜ ሲጠይቅ እንደነበር ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት።

ሰኔ ላይ ለንብረት ቆጠራ ዕቃውን መልሱ ተባለ። አንዱ ስታይለስ የለም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ሲሄድ ከኪሱ ወድቋል። ልጁ ሁለት ቀን ቀረ። በሦስተኛው ቀን አባቱ ይዘውት መጡ። ሚስማር ስለው፣ የዋንዛ እጀታ አስገብተውለት፣ አዲስ ስታይለስ ሠርተዋል። ሞከርነው። ነጥቡ ትንሽ ወፈር ይላል እንጂ በደንብ ይነበባል።

ግምጃ ቤት ግን አልተቀበለውም። ቁጥር የለውም። ከደመወዜ ተቆረጠ። ብሩ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ያልወጣልኝ ሁለቱ ቀን ነው። ያ ልጅ ለአንዲት ሚስማር ብሎ ሁለት ቀን ተደብቆ ዋለ።

ስለ ጋሼም ልናገር፣ ፍርደ ገምድል እንዳልሆን። በኋላ እንደሰማሁት ከዓመታት በፊት የትምህርት በሬዲዮ መቀበያው ከግምጃ ቤት ጠፍቶ ዋጋውን በየወሩ ከደመወዛቸው ሲከፍሉ ኖረዋል። ልጆች ያሳደጉት በዚያው ደመወዝ ነው። ቁልፉን እንዲያጠብቁ ያስተማራቸው መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው።

በዓመቱ የግራንቱ ዕቅድ ሲወጣ አንድ ነገር ብቻ ይዤ ገባሁ። ስሌት፣ ስታይለስና የብሬል ወረቀት ከጠመኔ ጋር በአላቂ ይመዝገብልን አልኩ። ጠመኔ ሲያልቅ ማንም መልሱ አይልም፤ ይሄም የልጁ ጠመኔ ነው። ርዕሰ መምህሩ ኦዲት ምን ይላል ብለው ተጨነቁ። የወመህ ሰብሳቢ ገበሬ ናቸው፣ «ለልጅ የተሰጠ መጻፊያ ካላለቀ አልተጻፈበትም ማለት ነው» አሉ። ቃለ ጉባኤ ላይ ገባ። ከተቃወሙት ውስጥ ጋሼ አልነበሩም። እንዲያውም መዝገቡን አምጥተው በእጃቸው አስተካከሉት። አሁን ልጁ ስሌቱን ማታ ቤቱ ይዞ ይገባል። የአባቱን ስታይለስም አልጣለውም፣ በእሱ ነው የሚጽፈው።

ዊልቸሩን ግን አላቂ ማስባል አልቻልኩም። ከመንደሩ እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው መንገድ ድንጋይና ቦይ ነው፣ ቢወጣም ግቢ ውስጥ ነው የሚነዳው። በግቢ ውስጥም ቢሆን ኃላፊነቱን የሚወስድ ፈራሚ ይፈለጋል። የውሰት ቅጽ ጽፌ አስገብቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በመስኮት አየሁት፣ የአንዱ ጎማ ነፋስ ወጥቷል። ልጅቷን ዛሬም ወንድሟ አዝሏት መጣ። እሱም ስምንተኛ ክፍል ደርሷል፣ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ከተማ ይሄዳል።