ለሻርክማ ዘብ አለው

የሰፈሬ ልጆች በቴሌግራም አላስቀምጥ አሉኝ። «ኬፕ ታውን እየኖርክ ምን ጎደለህ? ጠዋት ዋና፣ ማታ ዋና!» አይ እናንተ! ባሕሩን የማየው ለዓመት በዓል ሱቁን ለወንድሜ ልጅ ትቼ ስወጣ ነው።

ለማንኛውም ስለ ሙይዘንበርግ ላውራችሁ። ከመሃል ከተማ በባቡር ወደ ደቡብ ይኬዳል። ፎልስ ቤይ ዳር ያለ ሰፈር ነው። ማዕበሉ ለጀማሪ ስለሚመች ሰርፍ (በቦርድ ማዕበል ላይ መንሸራተት) የሚማር ሁሉ እዚያ ይጎርፋል። ፎቶ ላክልን የምትሉኝ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ የተቀቡት የእንጨት ጎጆዎችም ያሉት እዚያው ነው። ልብስ መቀየሪያ ናቸው እንጂ ሰው አይኖርባቸውም።

ጉዱ ሻርኩ ነው። ትልቁ ነጭ ሻርክ አሁን አሁን ብዙም ባይታይም፣ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተራራው ላይ ተቀምጠው ባሕሩን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አረንጓዴ ባንዲራ ከሆነ ሰላም ነው። ጥቁር ከሆነ ውኃው አጥርቶ አያሳይም። ሻርክ ከታየ ሳይረን ይጮኻል፤ የሻርክ ሥዕል ያለበት ነጭ ባንዲራም ይሰቀላል።

ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ ውኃው ቁርጭምጭሚቴ ላይ ደርሶ ቆሜ ሳለሁ ሳይረኑ ጮኸ። ጫማዬን አንጠልጥዬ እስከ መኪና ማቆሚያው በረርኩ። ሌላው ሰው ቦርዱን በብብቱ ይዞ እያወራ ይወጣል። አንዲት የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ አየችኝና «አንክል፣ ሻርክ እኮ እግር የለውም» አለችኝ። እናቷ መቆጣቱ ቀርቶ አብራ ሳቀች። ባንዲራው ሲወርድ ሁሉም ተመልሰው ገቡ። ጤነኞች አይደሉም ልል ነበር፤ ግን እኛም ሐረር ላይ ጅብ በእጃችን እናጎርሳለን።

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ሎኬሽን በሚሉት የድሃ ጥቁሮች ሰፈር ውስጥ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ሆነን ዳቦና ኤርታይም ለምንሸጠው፣ ተራራ ላይ የሚቀመጥልን የለም። በሜይ 2008 (እ.ኤ.አ.) ጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ የተነሳው መጤ ጠል ጥቃት እዚህ ድረስ ሲመጣ፣ በአገሪቱ ከ60 በላይ ሰው ሲሞት፣ የጮኸ ሳይረን የለም።

«ልምጣ ወይ?» ለምትሉኝ፣ ደላላው የሚልክላችሁ የጎጆዎቹን ፎቶ ነው። የፍርግርጉን ላክልን በሉት። የጥገኝነት ወረቀት ማሳደስ ምን ያህል እንደሚያንገላታም ይንገራችሁ። ሱቁ የትኛው ሎኬሽን እንደሆነ፣ ከእናንተ በፊት የነበረው ልጅ ለምን እንደለቀቀ ጠይቁት። ካድበሰበሰ ብር እንዳትቆጥሩለት።