የሞቀ ሻፍት አይለካም

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የብረት ሥራ ወርክሾፕ በጥራትና ልኬት ቴክኒሻንነት በተቀጠርኩበት ዓመት፣ በአንድ የሚያዝያ ቀትር፣ አንድ አባት የወፍጮአቸውን ሻፍት (የሚዞረውን የብረት ዘንግ) ሊያሠሩ ከዘጌ በጀልባ መጡ። ኩሽኔታው (ሻፍቱን ደግፎ የሚያዞረው ቀለበት) የሚቀመጥበት ክፍል በሥዕሉ ላይ «50 ኬ6» ተብሎ ተመልክቷል፤ ይኸውም ዲያሜትሩ ከ50.002 ሚሊሜትር ሊያንስ፣ ከ50.018 ሚሊሜትርም ሊበልጥ አይገባም ማለት ነው። የቶርኖ ሠራተኛው ሥራውን እንደ ጨረሰ ሻፍቱን በጨርቅ ጠቅልሎ አመጣልኝ፤ ማይክሮሜትሩም (የሚሊሜትርን ሺኛ የሚያነበው መለኪያ) 50.014 አሳየ።

«ልጄ፣ ጀልባው እንዳያመልጠኝ አደራ» አሉ አባት በር ላይ ቆመው። እኔም ፈረምኩ።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሻፍቱ ተመልሶ መጣ። ኩሽኔታው መያዝ ሲገባው በሻፍቱ ላይ እየዞረ መቀመጫውን በልቶታል፤ ብረቱም ከሙቀት የተነሣ ወደ ሰማያዊ አድልቷል። በብየዳ ሞልተን እንደገና ለመጥረብ ተገደድን።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ጨርቁን አይቼ ሻፍቱ ለምን በጨርቅ እንደ ተያዘ አልጠየቅሁም። ብረት በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ በእያንዳንዱ ሜትር 11.5 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ) ያህል ይለጠጣል። ሻፍቱ ከቶርኖው ሲወርድ 60 ዲግሪ፣ የምለካበት ክፍልና ማይክሮሜትሩ ደግሞ 28 ዲግሪ ነበሩ ብንል፣ የ32 ዲግሪው ልዩነት በ50 ሚሊሜትር ላይ 18 ማይክሮን ይሆናል። ስለዚህ ያ ሻፍት ሲበርድ 49.996 ነበር ማለት ነው፤ ከዝቅተኛው ወሰን 6 ማይክሮን፣ የፀጉር ውፍረት አንድ አሥረኛ ገደማ፣ ጎድሏል።

ዓለም አቀፉ የክብደትና የልኬት ኮሚቴ በ1931 እ.ኤ.አ. ለርዝመት ልኬት መነሻ የሚሆነው ሙቀት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ወስኗል፤ የእኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ግን ይህን ውሳኔ የሰማ አይመስልም። ደግነቱ፣ ማይክሮሜትሩም ሥራውም ብረት ሆነው በእኩል ሙቀት ላይ ከሆኑ ሁለቱም እኩል ስለሚለጠጡ ስሕተቱ በአብዛኛው ይጠፋል። አሉሚኒየም ሲመጣ ግን ይህ አይሠራም፤ መለጠጡ ከብረት እጥፍ ስለሆነ በ28 ዲግሪ የተለካ 100 ሚሊሜትር አሉሚኒየም 9 ማይክሮን ያህል አብልጦ ያሳያል፤ እሱን በስሌት ማረም ግድ ነው።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው እርጥበት ሌላ ጣጣ አለው። በባዶ እጅ የተነካ ጌጅ ብሎክ (መለኪያዎችን የምናመሳክርበት ልኩ የታወቀ የብረት ቁራጭ) ሳይጸዳና ዘይት ሳይቀባ ካደረ፣ የጣት አሻራው ዝገት ሆኖ ይጠብቃል።

አሁን ከቶርኖ የወረደውን ሁሉ ከማይክሮሜትሩ ጎን በወፍራሙ የብረት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ፣ ንባቡ መውረዱን እስኪያቆም በየሩብ ሰዓቱ እለካለሁ። በቀደም እኚያው አባት ሌላ ሻፍት ይዘው መጥተው ነበር። ገና ትኩስ ሳለ 50.027 ስላሳየ የቶርኖ ሠራተኛው «በልጧል፣ ትንሽ ልላጠው» ብሎ ሊወስደው ሲል ከለከልኩት። ከሁለት ሰዓት በኋላ 50.009 ላይ ቆመ። አባትን ልጠራቸው ስወጣ በጥላው ሥር ቡና ይዘው ተቀምጠው ነበር፤ ጀልባቸው ግን ሄዷል።