እንኳን አደረሳችሁ፤ ቁም ሣጥኑን ክፈቱት

ወዳጆቼ፣ እንኳን አደረሳችሁ! በዓሉ የጤና ይሁንላችሁ። ቤተሰብ ተሟልቶ የሚቀመጥበት፣ የራቀ የሚደውልበት፣ የተኳረፈ የሚታረቅበት ይሁን።

እኔ በዓል ሲቃረብ መርፌና ክር ነው የሚያምረኝ። ስለዚህ መልእክቴም ከጨርቅ አይወጣም። ዘንድሮ ስለ ኩዊልት ላውራችሁ፤ እራፊ ከእራፊ ተገጣጥሞ፣ መሃሉ ጥጥ ገብቶለት፣ ከሥር ገበር ተደርጎለት፣ ሦስቱ አንድ ላይ ስለሚሰፋው የአልጋ ልብስ። ለሠርግ ይሰፋል፣ ለአራስ ይሰፋል፣ ለበዓል ስጦታ ይሰፋል። ብዙ ሰው በዓል በመጣ ቁጥር «በእጄ የሠራሁትን መስጠት እፈልጋለሁ፣ ግን ከየት ልጀምር?» ይለኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። ጨርቅ ልትገዙ አትውጡ። መጀመሪያ ቁም ሣጥኑን ክፈቱት።

በየቤቱ ማንም የማይለብሰው፣ ግን ማንም ሊጥለው ያልጨከነ ልብስ አለ። ልጁን ያጠረው ሸሚዝ። የአያት የቤት ቀሚስ። የእህት የተማሪ ቤት ዩኒፎርም። ከእነዚህ የተሰፋ ነገር ተቀባዩ እጅ ሲገባ ሌላ ነው። አዲስ ጨርቅ ያምራል፣ አልጠላውም። ግን ማንንም አያስታውስም። አንድ ልጅ ኩዊልቱን ዘርግቶ «ይሄ የእማዬ ነው፣ ይሄ የኔ ፒጃማ ነበር» እያለ በጣቱ ሲያሳይ ያየ ሰው የምለው ወዲያው ይገባዋል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁ ሴቶች አሉ። በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ ወንዙ ዞሮ በሚከባት ጊስ ቤንድ በምትባል መንደር የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። ከመካከላቸው ሚዙሪ ፔትዌይ ባሏ ሲሞትባት የሥራ ልብሶቹን ሰበሰበች። እ.ኤ.አ. በ1942 እነሱን ቆራርጣ ኩዊልት ሰፋች፤ እንድታስታውሰው፣ ለብሳውም እንድትተኛ። የዚያች መንደር የሥራ ልብስ ኩዊልቶች ላይ ዓይኔ የሚያርፈው የደበዘዘው ቦታ ላይ ነው። የሱሪው ጉልበት ነጥቷል። ኪሱ የተነሳበት ቦታ ግን ፀሐይ ስላላገኘው ጥቁር ሰማያዊ እንደሆነ ቀርቷል። ሰውየው እንዴት ይንበረከክ እንደነበር፣ የት የት ይታሽ እንደነበር ጨርቁ ላይ ይነበባል። እነዚህ ሥራዎች እ.ኤ.አ. በ2002 በሂዩስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ለሕዝብ ታዩ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጡ። የተሰፉት ግን ለሙዚየም ብለው አይደለም። ቤቱ ይበርድ ነበር፤ ሰፊዎቹም በእጃቸው ያለው ያ ጨርቅ ነበር።

በቤንጋል፣ ማለትም በዛሬዋ ባንግላዴሽና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል፣ ሴቶች ያረጀ ሳሪ ደራርበው ካንታ የሚባለውን ይሰፋሉ። እዚያ ጨርቁ ብቻ አልነበረም አሮጌው፤ ክሩም ከዚያው ከሳሪው ጠርዝ ይመዘዝ ነበር። ስፌቱን ማንም ይችለዋል። መርፌው ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፣ በቃ። በዚህች ብቻ አበባውን፣ ዓሣውን፣ ዝሆኑን ያወጡታል። ብዙ ጊዜ የታጠበ ጥጥ ደግሞ ይለሰልሳል፤ ለአራስ ልጅ መጠቅለያ ከሱ የተሻለ ጨርቅ አላውቅም።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ፤ መቀስ ከመያዛችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ ጥቂት ነገር አለ።

ልብሱን ሳትቆርጡት እጠቡት። አዲስ ጨርቅ ከቀላቀላችሁማ የግድ ነው። አዲስ ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ ከ100 ሳንቲ ሜትር 3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ሊያጥር ይችላል። አሮጌው ልብስ ግን ማጠሩን ጨርሷል። ሁለቱን ሳታጥቡ ካጋጠማችኋቸው ገና ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይጨማደዳል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት። ነጩ ቀለም ከያዘ እንደገና ይታጠብ።

ስታጋጥሙ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ገባ ብላችሁ ስፉ። ዋናው ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሆኑ ነው። በየስፌቱ 1 ሚሊ ሜትር ብትስቱ፣ ስህተቱ ከሁለቱም ጨርቅ ስለሚወሰድ 2 ይሆናል፤ 10 ስፌት ላይ 2 ሳንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። ያኔ ጥጉ ከጥጉ አልገጥም ይላል። ካውያውን ደግሞ እያነሳችሁ ጫን ጫን አድርጉት፤ እየጎተታችሁ ከተኮሳችሁ ጨርቁ ይለጠጥና ካሬው ካሬ መሆኑ ይቀራል። ቲሸርት በራሱ ስለሚለጠጥ ከጀርባው በካውያ ሙቀት የሚጣበቅ ስስ ጨርቅ ለጥፉበት። ለጂንስ በስፌት መኪናችሁ ላይ 100 ቁጥር መርፌ ግጠሙ፤ ስሱ መርፌ ይሰበራል።

ኪስ ካለው ኪሱን አታንሱት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው። የአባቴ ሸሚዝ ኪስ ሥሩ ላይ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም የፈሰሰበት ነበር፣ ሁልጊዜ እስክሪብቶ የሚያስቀምጠው እዚያ ስለሆነ። ብዙ ሰው ያን ቦታ ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ ከነቀለሙ ለእህቴ በሰፋሁት ኩዊልት መሃል አስገባሁት። የእህቴ ልጅ አሁን አጫጭር እርሳሶቹን የሚከተው እዚያ ኪስ ውስጥ ነው። አያቱን በአካል አያውቃቸውም፤ ኪሳቸውን ግን በደንብ ያውቀዋል። የቁልፍ መደዳውም፣ የአንገት ኮሌታውም፣ እናት በሌላ ቀለም ክር የጠቀመቻት ቀዳዳም እንዲሁ ይግቡ።

በዓል የጎደለ ሰው አብዝቶ የሚታወስበት ቀን ነው። ዘንድሮ አንድ ወንበር ባዶ የሆነባችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። በኤድስ የሞቱ ሰዎችን ለማሰብ የተሰፋውን ትልቁን ኩዊልት ሳስብ ሁሌም የሚገርመኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 11 ቀን 1987 በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን፣ ናሽናል ሞል በሚባለው ሰፊ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ 1,920 ቁራጭ ነበረው። እያንዳንዱ ወደ 90 በ180 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የአንድ መቃብር ስፋት ማለት ነው። ከሰፉት ብዙዎቹ ከዚያ በፊት መርፌ ይዘው የማያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ ጓደኛ፣ እናት፣ ፍቅረኛ። የሟቹን ሸሚዝ፣ ጂንስ፣ የሕፃንነት አሻንጉሊቱን ሳይቀር ሰፍተውበታል። ሐዘን እጅን ሥራ ያስፈታል፤ ጨርቅ ግን የሚያዝ ነገር ይሰጠዋል።

የሟች ልብስ ላይ ግን አትቸኩሉ። መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ቤተሰቡን ሁሉ ጠይቁ፤ ዝም ያለውን ጭምር። ለአንዱ አሮጌ ሹራብ የሆነው ለሌላው የቀረችው ብቸኛ ጠረን ሊሆን ይችላል። አንዱ «ቆይ» ካለ ይቆይ። ጨርቁ የትም አይሄድም።

ስጦታውን ለምትቀበሉትም የምለው አለኝ። እባካችሁ ልበሱት። «ይቆሽሻል» ብላችሁ ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት። በቀዝቃዛ ውኃና ለስለስ ባለ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ቢሰጣ ለብዙ ዓመት ያገለግላል። የግድ ማስቀመጥ ካለባችሁ ደግሞ በየጊዜው አውጡና በሌላ መስመር እጠፉት፤ ሁሌ በአንድ ቦታ ከታጠፈ ክሩ እዚያው ላይ ይበጠሳል። ማንም በእጁ የሰፋውን እንዲሁ አይረሳም። በጆርጂያ ግዛት በባርነት የተወለደችው ሃሪየት ፓወርስ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በጨርቅ የቀረጸችበትን ኩዊልት መጀመሪያ ስትጠየቅ አልሸጥም ብላ ነበር። በኋላ ሲቸግራት በ5 ዶላር ሰጠችው፤ ከዚያ ግን የገዛችው ሴት ቤት እየሄደች ትጠይቀው ነበር። ዛሬ ያ ሥራ በስሚዝሶንያን ተቋም የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። ያ መመላለስ ነው ከታሪኩ ሁሉ እኔን የሚነካኝ። የሰጠቻችሁ እህት ወይም አክስት ቤታችሁ ስትመጣ ኩዊልቱን ሶፋው ላይ ተዘርግቶ ብታየው ምን እንደሚሰማት አስቡት።

«በዓሉ ደረሰ፣ መቼ ሰፍቼ እጨርሰዋለሁ?» የምትሉ አትጨነቁ። ትልቅ የአልጋ ልብስ በእጅ ከተሰፋ ወራት ይወስዳል፣ በመኪናም ቢሆን የአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ለዘንድሮ 45 በ45 ሳንቲ ሜትር የትራስ ልብስ ይበቃል፤ 9 ካሬ፣ ሦስት በሦስት። ወይም ስጦታችሁን የምትጠቀልሉበት ጨርቅ ስፉ። ኮሪያውያን ከቁርጥራጭ የሚሰፉት ቦጃጊ የሚባል መጠቅለያ አላቸው፤ ስጦታው ወጥቶም ጨርቁ ራሱ ሌላ ስጦታ ሆኖ ይቀራል፣ እንደ ወረቀት ተቀዶ አይጣልም።

ትልቁን የጀመራችሁ ደግሞ ካላለቀላችሁ እንዳትደብቁት። በፓስፊክ ውቅያኖስ በሚገኙት በኩክ ደሴቶች ሴቶች ቲቫኤቫኤ የሚሉትን ኩዊልት ተሰብስበው፣ እያወሩና እየዘፈኑ ነው የሚሰፉት። ለሠርግ ይሰጡታል፤ ወንድ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሩን ሲቆረጥ ይሰጡታል። እናንተም ያላለቀውን ከነስፒሉ ይዛችሁ ሂዱ። ቤተሰቡ በተሰበሰበበት ዘርጉት፤ ለሚችለውም ለማይችለውም ክር የገባበት መርፌ አስይዙና አንድ አንድ ጥግ ስጧቸው። የልጆቹ ስፌት ጠማማ ይሆናል፣ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር። በኋላ ቤት ስትገቡ እንዳትተረትሩት።

መልካም በዓል፣ ወዳጆቼ!