ዓመቱ ሲጋመስ የተረከብኳቸው አራት ክፍሎች

ሐሙስ ተደወለልኝ። ሰኞ ጠዋት ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ሒሳብ ማስተማር ነበረብኝ። በመሃል ያሉትን ሦስት ቀናት ያሳለፍኩት ምን እንደምለብስ በማሰብና የመጀመሪያ ቀን ንግግሬን ደጋግሜ በመለማመድ ነው። ዛሬ ሳስበው ሁለቱም ያን ያህል አልጠቀሙኝም።

ሰኞ የተረከብኩት ይህን ነበር፤ አንድ መማሪያ መጽሐፍ፣ የአራት ክፍል ተማሪዎች ስም ዝርዝር፣ ግማሹ ባዶ የሆነ የማርክ መዝገብ እና የአንድ ቁም ሳጥን ቁልፍ። ቁም ሳጥኑን ስከፍተው በክር የታሰረ የቴስት ወረቀት ክምር አገኘሁ። ከእኔ በፊት የነበረችው መምህርት የፈተነችው ነው። ግማሹ ታርሟል፣ ግማሹ አልታረመም። የእኔ ጣጣ አይደለም ብዬ መልሼ ቆለፍኩት።

ንግግሬ አሥራ ሁለት ሕጎች ነበሩት። አምስተኛው ላይ ስደርስ ከኋላ ረድፍ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ደስ አለኝ።

«ቲቸር፣ እርስዎስ መቼ ነው የሚሄዱት?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ድፍረት መስሎኝ ፊቴን አጠቆርኩ። ልጁ የምሩን እንደነበረ የገባኝ ቆይቶ ነው። መምህርታቸው ዓመቱ ሳያልቅ ሄዳለች። ከእሷ በኋላ ሁለት ሰዎች በተተኪነት ገብተው ወጥተዋል፤ አንደኛው መጽሐፍ ሲያስገለብጣቸው ነው የከረመው። እኔ አራተኛዋ ነኝ። ለራሴ ገና መጀመሬ ነው፤ ለእነሱ ግን የሰልፉ ተረኛ ነኝ።

በሥልጠና ላይ የተነገረኝ ሁሉ የሚነሳው ከዓመቱ የመጀመሪያ ቀን ነው። ሕግ አውጪ፣ ቦታ መድቢ፣ ልማድ አስይዢ። ዓመቱ መሃል ላይ ሲገባ ግን ሕጉ ወጥቷል፣ ቦታው ተይዟል። ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ከማን የቤት ሥራ እንደሚገለብጥ ሁሉ ተደላድሏል። የማያውቀው አዲሱ መምህር ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ሁሉንም ከዜሮ ልጀምር አልኩ። በሁለተኛው ቀን የሁሉንም መቀመጫ ቀያየርኩ። ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት ነው። በዚህ ዕድሜ አጠገብህ የሚቀመጠው ልጅ ማለት ግማሽ ሕይወትህ ነው። በአንድ ፔሬድ ውስጥ ሰማንያ ዓይኖች ጠመዱኝ። ጓደኛሞች አሁንም ያወራሉ፤ ልዩነቱ አሁን የሚያወሩት ከክፍሉ ጥግ እስከ ጥግ መሆኑ ነው።

ከዚያ ደግሞ «የድሮዋ ቲቸር እንዲህ አልነበረም የሚያሠሩን» ይመጣል። በቀን አሥር ጊዜ። «አሁን ያለሁት እኔ ነኝ» እል ነበር፣ ኮስተር ብዬ። ጎበዝ መልስ መስሎኝ ነበር። ለካ በተናገርኩት ቁጥር የሚወዷትን ሰው እያጣጣልኩባቸው ኖሯል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ፣ ከድካም የተነሳ ይመስለኛል፣ አንዷን «እስቲ እንዴት ነበር የሚያሠሯችሁ? ነይ አሳዪኝ» አልኳት። ወጣች፣ ጠመኔ ያዘች፣ ሠራችው። በሦስት ደቂቃ ውስጥ መምህርቷ የት ላይ እንዳቆመች፣ በምን ቃል እንደምትጠራው፣ ደብተር እንዴት እንደምትሰበስብ አወቅኩ። የደብተር አሰባሰቧ ከእኔ ይሻላል፤ ወሰድኩት።

ስለ ጩኸት ልናገር። ጮኬያለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ላይ ድምፄ ጥሎኝ ጠፋ። ከጎኔ ያለው ክፍል የሚያስተምሩት አንጋፋ የጂኦግራፊ መምህርት በግድግዳው ሲሰሙኝ ከርመው ኖሮ በእረፍት ሰዓት ጠሩኝ። «ልጄ፣ ክፍል ፊት ከልጅ ጋር እልህ አትጋቢ» አሉኝ። «እሱ ታዳሚ አለው። አንቺ የለሽም።»

ይህ አባባል ከሥልጠናው ሁሉ በላይ ጠቀመኝ። በዚያው ቀን ከሰዓት አንዱ መጽሐፉን እንደ ከበሮ ሲደልቅ ስሙን አልጠራሁም። ማስረዳቴን ሳላቋርጥ ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። አቆመ። ከደወል በኋላ ብቻውን አስቀርቼ ሁለት ዓረፍተ ነገር ነገርኩት። ጓደኞቹ በሌሉበት ሌላ ልጅ ነው፤ እንዲያውም ዓይን አፋር ነገር።

በኋላ ሳነብ ጄኮብ ኩኒን የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህንኑ በሌላ መንገድ ደርሶበት አገኘሁት። ጥናቱን ያሳተመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። ክፍላቸው የሚረጋላቸውንና የማይረጋላቸውን መምህራን በቪዲዮ እየቀረጸ ሲያወዳድር፣ ልጅ ካጠፋ በኋላ በሚሰጡት ተግሣጽ ብዙም ልዩነት አላገኘም። የሚለያዩት ከዚያ በፊት በሚያደርጉት ነው። ጎበዞቹ ክፍሉ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ያያሉ፣ ማየታቸውንም ልጆቹ ያውቃሉ። ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲሸጋገሩም ክፍተት አይተዉም። የእኔ ክፍል ደግሞ ክፍተት ብቻ ነበር። ስም ስጠራ አምስት ደቂቃ፣ ሰሌዳ ሳጠፋ ሁለት ደቂቃ፣ ወረቀት ሳድል ሦስት ደቂቃ። ረብሻው ሁሉ የሚነሳው እዚያ ውስጥ ነው።

ከዚያ ወዲህ ልጆቹ ሲገቡ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጥያቄ ተጽፎ ይጠብቃቸዋል። እነሱ ሲሠሩ እኔ የቀረውን አይቼ እመዘግባለሁ። ስም መጥራት ቀረ። ይህ አንድ ነገር ብቻ ከአሥራ ሁለቱ ሕጎቼ በላይ ሠርቷል። ሕጎቹን ከግድግዳው ላይ ማን እንዳነሳቸው አላውቅም፣ አልጠየቅኩምም።

ስማቸውን ለማወቅ የመቀመጫ ካርታ ሠርቼ ነበር። አንደኛው ክፍል ውስጥ ሁለት ወንዶች ስም ተቀያየሩብኝ። ካርታው ላይ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። አንድ ሳምንት ሙሉ አንዱን በሌላው ስም ስጠራ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል፤ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። የታወቀብኝ የክፍል ሥራ ስመልስ ነው። ሙድ ሲይዙብኝ እንደከረሙ ሲገባኝ መቆጣት ነበረብኝ መሰለኝ፤ ግን ሳቄ መጣ። እስክቀመጥ ሳቅኩ። ያ ክፍል ከዚያ ቀን ጀምሮ ተለወጠ። ለምን እንደሆነ አሁንም በትክክል ማስረዳት አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

በመጽሐፉ መሠረት የደረሱት እኩልታ ላይ ነው። ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት እኩል ይሆናል ሃያ፣ ኤክስን ፈልጉ። እኔም ዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርቷል ተብሎ ስለተነገረኝ ፍጥነት ጨመርኩ። በሰሌዳ ላይ ይሠራሉ። «ሲሻገር ምልክቱ ይቀየራል» ይላሉ፣ በዜማ ማለት ይቻላል። ጥያቄውን ትንሽ ሳጣምመው ግን ሁሉም ጭጭ። ምን እንደሚሻገር፣ የትን እንደሚሻገር የሚያውቅ የለም።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ ስምንት ጥያቄ አዘጋጀሁ። ሁሉም ካለፉት ዓመታት ትምህርት ነው። ወረቀቱ ሲታደል የመጀመሪያው ጥያቄ የተለመደው ነበር፦ «ቲቸር፣ ይያዛል?» አይያዝም አልኩ። ግማሹ ተንፈስ አለ፣ ግማሹ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እስክሪብቶ ያስቀመጡትን መለመን ነበረብኝ።

ማታ ቁጭ ብዬ ሳየው ደነገጥኩ። አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ፣ ሁለት አምስተኛ። ላዩን ከላይ፣ ታቹን ከታች ደምረው። ከ0.5 እና ከ0.35 የሚበልጠው 0.35፤ ምክንያቱም ሠላሳ አምስት ከአምስት ይበልጣል። እነዚህን ጠብቄያቸው ነበር። ያልጠበቅኩት ይህ ነው፦

8 + 4 = □ + 5

ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሳጥኑ ውስጥ 12 ጻፉ። ጥቂቶች ሁሉንም ደምረው 17 አሉ። 7 ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆየሁ። እነዚህ ልጆች ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ያዩት እኩል ምልክት ሁልጊዜ ከስሌት በኋላ ይመጣል፣ ከቀኙ ደግሞ መልስ ይጻፋል። ስለዚህ ለእነሱ «መልሱን ጻፍ» የሚል ትእዛዝ ነው። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ክብደት አላቸው ማለት አይደለም። እንዲህ ላለ ልጅ «ከሁለቱም ጎን አምስት ቀንስ» ስለው ምን ብሎ ይስማኝ? ዜማው የመጣው ከዚህ ነው። ትርጉሙን ያላገኘ ሰው ዜማውን ይይዛል።

ሦስት ፔሬድ ሙሉ በእኩል ምልክት ላይ ቆምኩ። ዕቅዱ ይጠብቅ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ እውነት ወይስ ሐሰት እላቸው ነበር። 6 + 2 = 5 + 3። 12 = 8 + 4። የከፋው ጭቅጭቅ የተነሳው 7 = 7 ላይ ነው። «ይሄ ሐሰት ነው» አለች አንዷ። ለምን? «ምንም አልተሠራበትማ!» ሌላው ተነስቶ «ሰባት ከሰባት ካልተስተካከለ ከማን ሊስተካከል ነው?» አላት። ተቧድነው ተከራከሩ። እኔ ዝም አልኩ። ሒሳብ ክፍል ውስጥ ስለ ሒሳብ ሲጮሁ የሰማሁት ያን ቀን ነው። በሚቀጥለው ቀን ሰሌዳ ላይ ባለ ሁለት ክንድ ሚዛን ሣልኩና ያንኑ የሦስት ኤክስ ጥያቄ ሚዛኑ ላይ አስቀመጥኩት። «እንዴ፣ ሳይሻገር ነው ለካ!» አለ አንዱ።

ክፍልፋዩን እንዲያውም ራሳቸው አፈረሱት። ሁለት አምስተኛ ከአንድ ሁለተኛ ይበልጣል ያንሳል ብዬ ብቻ ጠየቅኩ። ያንሳል። እና ደምራችሁ እንዴት ቀነሰ?

እዚህ ላይ ዝም ማለት የሚባለውን ነገር ተማርኩ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የክፍል ውስጥ ቅጂዎችን ስታጠና፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ገደማ ብቻ እንደሆነ አግኝታለች። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲጠብቁ መልሶቹ ይረዝማሉ፣ ዝም የሚሉ ልጆችም ይናገራሉ። ሦስት ሰከንድ ቀላል ይመስላል። ሰማንያ ዓይን እያየሽ ግን ዘላለም ነው። ከጀርባዬ በጣቴ መቁጠር ጀመርኩ።

ያልሠራልኝም ብዙ ነው። የነጥብ ሽልማት አምጥቼ ነበር፤ አራት ቀን ቆየ፣ አምስተኛው ቀን ነጥብ ሲነግዱ ያዝኳቸው። የከበሮውን ልጅ እናት ደግሞ ለበጎ ነገር ደወልኩላቸው፤ ጥሩ ጥያቄ ጠይቆ ነበርና። በማግስቱ ልጁ ተቆጥቶ መጣ። «እናቴ አላመነችም! ምን አጥፍተህ ነው ስትለኝ አደረች።» እንደገና ደወልኩ። እንደገና። ሦስተኛው ላይ አመኑ።

አንድ ነገር ደግሞ ማንም አይነግርሽም። አራት ክፍል አንድ ዓይነት ትምህርት ስታስተምሪ፣ የመጀመሪያው ክፍል ሁልጊዜ ረቂቁን ነው የሚያገኘው። አራተኛው ጋ ስደርስ ቀልዱም፣ ምሳሌውም ተስተካክሏል። ጠዋት የሚደርሳቸው ልጆች ዕዳ አለብኝ። አሁን ሌሊት ላይ ከባዱን ምሳሌ ጮክ ብዬ ለግድግዳ አስረዳለሁ፤ ረቂቁን ግድግዳው ይውሰድ ብዬ።

በስድስተኛው ሳምንት የማርክ መዝገቡን ባዶ ቦታ ለመሙላት ቁም ሳጥኑን ከፍቼ ያንን ክምር ፈታሁት። ያልታረመውን ልጨርስ ነበር የተቀመጥኩት። መጀመሪያ ግን እሷ ያረመችውን አየሁ። ቀይ እስክሪብቶ፣ ትንንሽ ፊደል። አንዱ ወረቀት ጎን «ጥሩ ጀምረሃል፤ እኩል ምልክቱን እየው» ይላል። ሌላው ላይም «ግራና ቀኙ እኩል ናቸው?» ሌላው ላይም። አሥራ ምናምን ወረቀት ላይ።

ሦስት ሳምንት የፈጀብኝን ነገር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቆልፌበት ነበር የተቀመጥኩት።

የቀረውን በሰማያዊ አርሜ ሰኞ መለስኩላቸው። መቼ ነው የሚሄዱት ብሎ የጠየቀኝ ልጅ ወረቀቱን ገለባበጠው። ፊት ለፊቱ ያለው ቀይ ነው፣ ጀርባው ሰማያዊ። ቀዩን ጽሑፍ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ከዚያ ቀና አለ።

«ቲቸር፣ ይሄ ይያዛል?»

«ይያዛል» አልኩት።