ማሽን የሌለበት ጂም

የወሩን ሂሳብ ዛሬ ማታ ዘጋሁ። ኪራይ፣ የረዳቴ ደሞዝ፣ ውሃና ግብር ተቀንሶ የተረፈችው ብር ታኖራለች፤ አታስፋፋም። አከራዬ ደግሞ በር ላይ አገኙኝና የተለመደውን ምክራቸውን ደገሙልኝ። «ልጄ፣ አንድ ሁለት ትሬድሚል፣ ያን የመሮጫ ማሽን አስገቢ፣ ግድግዳውን መስታወት አልብሺው፤ ያኔ ሰው ይጎርፍልሻል።» እኝህ ሰው ክፉ አያስቡልኝም። ሰው ሲጎርፍ ኪራዩም እንደሚጨምር ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

የሚጎርፍ ሰው አልፈልግም። ይሄን ስናገር ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ያውም በዚህ ኑሮ ውድነት፣ ደንበኛ እንዳይበዛብኝ ብላ የምትሰጋ ነጋዴ ማን አየ? ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቤቱ አስራ አምስት ሰው ይችላል። ዓይኔ ከስምንት በላይ አይችልም። ስምንተኛዋ ሴት የአሸዋ ጆንያውን ስታነሳ ወገቧ ሲጎብጥ አያለሁ። «እታለም፣ ዳሌሽን ወደ ኋላ» እላታለሁ፤ ትስቃለች፤ ታስተካክላለች። አስረኛዋን ግን አላያትም። ያላየኋት ሴት በማግስቱ ወገቤን ቆረጠኝ ብላ ትቀራለች። ለጎረቤቷም «ስፖርቱ ጎዳኝ» ትላለች። እውነቷን ነው።

እኛ ጋ የሚሠራው ፈንክሽናል የሚባለው ነው። ክንድን ለብቻ፣ ደረትን ለብቻ ማሳበጥ የለም። ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከዳሌ ታጥፎ ከመሬት ማንሳት፣ መግፋት፣ መሳብ፣ ተሸክሞ መሄድ፣ ወገብን ሳይጎዱ መዞር። በቃ፣ ይሄው ነው። አንድ ወጣት ሊመዘገብ መጥቶ ዝርዝሩን ሲሰማ ፈገግ አለ። «ይሄንንማ እናቴ ገጠር በየቀኑ በነጻ ትሠራዋለች፤ እኔ ልክፈልበት?»

ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ ብዙ ሰው በሆዱ የሚይዘውን ነው የተናገረው። ግማሹ ልክ ነው። የገጠር እናቶች ቁጢጥ ሲሉ ተረከዛቸው መሬት አይለቅም፣ ጀርባቸው ቀጥ ይላል፤ እንደዚያ ሆነው ሽንኩርት ልጠው፣ ወጥ አማስለው ይጨርሳሉ። ከዩኒቨርሲቲ የሚመጡት ልጆች ግን ግማሽ መንገድ ሲወርዱ ተረከዛቸው ይነሳል፣ ወደ ኋላ ሊወድቁ ይደርሳሉ። ቁርጭምጭሚታቸው ደርቋል። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ወንበር ላይ ነው ያደጉት።

ሌላው ግማሽ ግን ልክ አይደለም። ገበሬ ስፖርት አያስፈልገውም የሚሉት አንድ ቀን ሙሉ ጤፍ አርመው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። ጉልበትን ሳያጥፉ፣ ወገብን አጉብጦ ከጠዋት እስከ ማታ ማረም ሰውነት አይገነባም፤ ይጨርሳል። ገበያ ያሉትን ጫኝና አውራጆች ተመልከቷቸው። አንድ ኩንታል ጤፍ፣ 100 ኪሎ፣ ለብቻቸው ጀርባቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ናዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ምርምር ተቋም በ1991 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው የማንሻ ቀመር ከፍተኛው ክብደት 23 ኪሎ ነው። ያውም ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ ወገብ ሳይዞር፣ በየደቂቃው ሳይደጋገም። ልጆቹ ጉልበተኞች አይደሉም ማለቴ አይደለም፤ ከእኔም ከሠልጣኞቼም ሁሉ ይበረታሉ። ከእነሱ አንዱ ግን ገና ጎልማሳ ሳይሆን ደረጃ መውረድ ያቅተዋል፤ ጉልበቱን ይዞ በጎን ነው የሚወርደው። ሸክሙ ሞልቶ ተርፏል። የጎደለው ልክና ዕረፍት ነው። ጂም ማለት ለእኔ ሸክም በልክ የሚሰጥበት ቦታ ነው፤ ዛሬ 5 ኪሎ፣ ሰውነት ሲለምድ 8፣ ከዚያ ዕረፍት።

ያ ወጣት ተመዘገበ። ቁጢጥ ማለት አቃተው። እናቱን መጥቀሱን ትቷል።

አዲስ ሰው ሲመጣ ሚዛን ላይ አላወጣም፤ ሚዛንም የለኝም። ብዙው ሰው የሚመጣው ቦርጭ ለማጥፋት ነው፤ ያን ሐሳብ ገና በር ላይ ባስረሳቸው ይሻለኛል። መሬት ላይ ተቀመጡና ተነሱ ነው የምላቸው። ክላውዲዮ ዢል አራውዦ የሚባል ብራዚላዊ ሐኪም የሠራበት ፈተና ነው። ከ10 ይሰጣል፤ ሲቀመጡም ሲነሱም እጅ ወይም ጉልበት መሬት በነካ ቁጥር አንድ ነጥብ ይቀነሳል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከ51 እስከ 80 ዓመት የሆናቸውን ከ2,000 በላይ ሰዎች ተከታትለው ባወጡት ጥናት፣ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡት በክትትሉ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ፈተናውን መለማመድ ዕድሜ ይጨምራል ማለት ግን አይደለም። ይሄን ደጋግሜ እናገራለሁ፤ ሰው መስማት የሚፈልገው ሌላውን ነው።

በዚህ ፈተና ትልቁን ሳቅ ያየነው አንዲት እናት ረጅም ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ምንም ሳይደገፉ ቁጭ ብድግ ሲሉ ነው። አስር ከአስር። አብሯቸው የተፈተነው የባንክ ሠራተኛ በአንድ እጁም በአንድ ጉልበቱም እየተደገፈ ተነሳ። «አይዞህ ልጄ፣ ወንበሩ ነው የበላህ» አሉት።

ከዚህ ሌላ ሰባት እንቅስቃሴ ያለውና ከ21 የሚታረመው ኤፍኤምኤስ የሚባል ፈተና አለ። የተወሰነውን እጠቀምበታለሁ። ማን እንደሚጎዳ አስቀድሞ ይነግራል ብለው የሚሸጡትን ግን አልገዛም፤ ጥናቶቹም ይሄን አይደግፉም።

ስለ ዕቃ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የውጭ ዕቃ አይቀመስም። የኬትልቤል፣ እጀታ ያለው የብረት ክብደት፣ ዋጋ ጠይቄ ስልኩን በትህትና ዘጋሁት። ቢገዛስ? መንገድ ሲዘጋ ዕቃው አባይን ሳይሻገር ይከርማል። ስለዚህ ጀሪካን። ቢጫዋ 20 ሊትር ጀሪካን ስትሞላ 20 ኪሎ ናት፤ አምስት ሊትር ብትቀንስላት አምስት ኪሎ ቀነሰች ማለት ነው። ይሄን ሂሳብ ለማንም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ደግሞ ያልሞላች ጀሪካን ተንኮል አላት። ውሃው ይዋልላል፣ እሱን ለመያዝ ሆድና ወገብ ሳይወዱ ይሠራሉ። በአንድ እጅ ብቻ ይዘው ወደ ጎን ሳያዘነብሉ ከግድግዳ ግድግዳ መሄድ እኛ ጋ ከሚሠራው ሁሉ ከባዱ ነው፤ ፎቶ ላይ ግን ምንም አይመስልም። ቲክቶክ ላይ የማልደምቀው ለዚህ ይሆናል። ለመሳብ የምንጠቀምበትን ብረት ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት ሠራልኝ። መብራት ሲጠፋ ሥራ አይቆምም፤ መስኮቱን ከፍተን እንቀጥላለን። ትሬድሚል ገዝቼ ቢሆን እሱ ላይ ልብስ እያሰጣሁ ነበር።

የሴቶቹ ክፍል ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ልጆች ትምህርት ቤት ከገቡ በኋላ። በዚያ ሰዓት ወንድ አይገባም፣ መጋረጃው ይዘጋል። መጀመሪያ ላይ «ባሌ ምን ይላል» የሚሉ ነበሩ። አሁን ባሎቹ ራሳቸው ማታ 12 ሰዓት ይመጣሉ።

ሁዳዴ ሲገባ ግን ገቢዬ ይወርዳል። በ55 ቀኑ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የሚውሉ ሰዎችን ጠዋት ላይ ጆንያ አላሸክምም። ለጿሚዎቹ ክፍሉን ወደ ማታ አዛውራለሁ፤ ቀለል ያለ ሥራ ነው። ከሁሉ የምወደው ግን ለሰሞነ ሕማማት የምናደርገው ዝግጅት ነው። ስግደት ብዙ ነው፤ በተለይ የስቅለት ለት። በእጅ መሬት ተደግፎ መውረድ፣ ግንባርን ማድረስ፣ ከዳሌና ከጭን ኃይል አውጥቶ መነሳት፣ እንደገና። እናቶቹ አምና ከፋሲካ በኋላ ጉልበታቸውን ይዘው ነው የመጡት። ዘንድሮ ከሳምንታት በፊት ጀምረን ጭናቸውንና የእጅ አንጓቸውን ስናጠነክር ከረምን። አንዷ «ለንስሐ አባቴ ብነግራቸው ስግደት ይጨምሩብኛል፣ እንዳትናገሪ» አለችኝ። ስግደቱን ስፖርት አድርጌ ለመሸጥ አይደለም፤ እሱ የእነሱና የፈጣሪያቸው ጉዳይ ነው። የእኔ ድርሻ ጉልበታቸው ነው።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። ስምንቱን አስራ አምስት ካላደረግኩ፣ ያለው መንገድ ዋጋ መጨመር ነው። ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ ጭማሪው ትንሽ ነው፣ ግን ጭማሪ ነው። ለማይችሉት ከሦስት ቀን ወደ ሁለት ቀን ዝቅ የሚል አማራጭ አዘጋጅቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያም ለአዋቂዎች ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ በሳምንት 2 ቀንና ከዚያ በላይ ነው የሚለው፤ ስለዚህ ሁለት ቀን የሚመጣ ሰው አይከስርም። ዕድሜያቸው የገፋው ግን ሚዛን መጠበቂያ ሥራ ሦስት ቀን ይመከርላቸዋል፤ እነሱን በድሮው ዋጋ እተዋቸዋለሁ። ሰኞ ጠዋት ለሴቶቹ እነግራቸዋለሁ። ከመካከላቸው አንዷ አስተማሪ እንደምትከራከረኝ አውቃለሁ፤ ጀሪካኑንም ውሃውንም ከቤቴ ላምጣ፣ ቀንሺልኝ ትላለች። ውሃውን ካመጣች እቀንስላታለሁ።